ካይሮ የቀረው የማር ልጅ

ለተወደድሽው እህቴ ለፈንታነሽ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ከክረምት ጀምሮ ያሰቃየሽ ወገብሽ ተሻለሽ? በላይነህስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? የአሶሳ ሙቀትስ ጋብ አለላችሁ? እኛ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና ደኅና ነን። ገብሱ ገብቷል፤ ጤፉ ገና ነው፤ እማዬም ያው እየተቆጣችን በጤና አለች። እኔ ግን፣ እታለም፣ ከተመለስኩ ወዲህ ልቤ አልተቀመጠም። ድስት ጥጄ እረሳለሁ፤ ከጓዳ ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ ጓዳ ስል እውላለሁ። ሙላቴማ ሚስቴ ግብፅ ቀርታ ጥላዋ ነው የመጣው እያለ ያሾፍብኛል።

ከማኅበራችን ጋር የግብፅን ገዳማት ልሳለም መሄዴን ሰምተሻል። በመጨረሻ ካይሮ ውስጥ ሴት መነኮሳት የሚያሳድጓቸውን ወላጅ አልባ ልጆች ልንጠይቅ ገባን። እኔ ከይፋግ ገበያ የገዛሁትን ማር ይዤላቸው ነበር። ልጆቹ ተሰልፈው ዘመሩልን፤ የኛ ሰው ፎቶ በፎቶ ሆነ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አፈርኩ። ሰው ልቅሶ ቤት ገብቶ ፎቶ ያነሳል?

ቄርሎስ የሚባል ልጅ፣ አራት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ግርግራችን አስፈርቶት ጥግ ይዞ ማልቀስ ጀመረ። በምን አፍ ላባብለው? እሱ ዐረብኛ፣ እኔ አማርኛ። ማንኪያ ባጣ አውራ ጣቴን ማሩ ውስጥ ነክሬ አፉ ላይ አደረግሁለት። ዝም አለ። ከዚያ ጣቴን በሁለት እጁ ይዞ ይጠባው ጀመር፤ ማሩ ካለቀ በኋላም አለቅም አለ።

አብረውን የተጓዙት የአንበሳሜዋ እማሆይ ሸጊቱ ይህን ሲያዩ ኧረ አንቺ ልጅ፣ ወለድሽው እኮ ብለው ጮኹ። አውቶብስ ውስጥ ሁሉም እየሳቀ እንኳን ማርያም ማረችሽ አለኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ አየር ማረፊያ ሳንደርስ ግን ሳቁ አለቀብኝ። እኛ አገር የሰው ልጅ ወስዶ የሚያሳድግ ማር የነካ አውራ ጣቱን ያጠባዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያ ልጅ የአብራኩ ክፋይ ነው፣ አይካድም። ይህን ለአንቺ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ አንቺም በአባባ አውራ ጣት ነው ቤታችን የገባሽው።

ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው። ሽማግሌ ሳይቀመጥ፣ ቃል ሳይገባ ልጅ አይሆንም፤ ለማባበያ የሰጠሽው ነው፤ ጸልዪለትና ተረጋጊ አሉኝ። ሙላቴም ይህንኑ ደገመልኝ። ላምጣው ብል የአገሩ ሕግ እንደማይፈቅድልኝም አውቃለሁ። ልተወው ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

ባለፈው እሑድ እማዬን አወጣጣኋት። ምን አለችኝ መሰለሽ? አንቺም፣ እታለም፣ ቤታችን የመጣሽ ለት ስታለቅሺ ዋልሽ፤ አባባ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቢጨንቃቸው ዝም እንድትይ ብለው ማር አቀመሱሽ። ልጅ ላድርጋት ብለው አልነበረም። ጣታቸውን ይዘሽ አለቅም ስትያቸው ነው እንባቸው የመጣው፤ ሽማግሌ የጠሩት በማግሥቱ ነው። ይህን እኔ አላውቅም ነበር፤ አንቺም የምታውቂው አይመስለኝም።

የቄርሎስ ማር ማባበያ ብቻ ከሆነ ያንቺስ ምን ሊባል ነው? አንቺን እህቴ አይደለሽም የምልበት አፍ የለኝም፤ እሱንም ልጄ አይደለም አልልም። ጉዞውን ለሚያዘጋጀው ለደረጄ በሚመጣው ዓመትም እንዲይዘኝ ነግሬዋለሁ። ሙላቴ ያኩርፍ። አንድ ነገር ግን ካንቺ በቀር የምጠይቀው ሰው የለም፤ ያን ለት አባባ ጣታቸውን ከእጅሽ አላቅቀው ቢሄዱ ኖሮ ምን ትሆኚ ነበር? ሳትራሪልኝ መልሺልኝ።

እማዬ ወገብሽን በቅቤ እሺው ብላለች። ሙላቴ ሰላም ይልሻል። በላይነህን እጅ ንሺልኝ። ፋሲካንና ዓይናለምን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ ካይሮ የአክስት ልጅ እንዳላቸውም ንገሪያቸው፣ ስሙ ቄርሎስ ነው።

እህትሽ ማስተዋል
ደብረ ታቦር፣ ጥቅምት ፳ ቀን ፳፻፲፪ ዓ.ም.