በሰይድ ላይ ያላከክሁት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5
ዝናብ። ሜዳው ጭቃ፤ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ኮሪደር ላይ። ልጆቹን ሳዘልል ጓድ መ. አስጠራኝ። የት/ቤታችን የፖለቲካ ኃላፊ ነው፤ ፊቱ ከሰማዩ አይሻልም። ሯጩ ሰይድ እናቱን ሊጠይቅ ኮምቦልቻ መጥቷልና፣ ሐሙስ እዚህ ደሴ፣ ሆጤ ት/ቤታችን ድረስ መጥቶ ተማሪዎቹን ያነጋግር አለ። ስለ አብዮቱ ውለታ እንዲያነሳ አደራ፤ አንተ ንገረው። እሺ አልኩ። ደብተሬ፣ ደስታዬን ብታዪ! ከሰይድ ጋር በልጅነታችን እኩል ሮጠናል። እሱ ብሔራዊ ቡድን ገባ፤ እኔ ፊሽካ ያዝኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅ. 6
ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሰይድ ደጃፍ ተቀምጦ ካልሲውን ያጥባል። ባሕር ማዶ የተጨበጨበለት ሰው! እናቱ እማማ ዘሀራ መርሃባ ብለው አስገቡኝ። እመጣለሁ አለ ወዲያው። የአብዮቱን ነገር ላነሳ ስል ተውኩት። እንዲህ በል ብሎ ሰይድን ማዘዝ አሳፈረኝ። ነገ መንገድ ላይ እነግረዋለሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅ. 7፤ ማታ
ረሳሁ ልበል? አልረሳሁም። ከአውቶቡስ ተራ እስከ ት/ቤት አብረን ሄድን፤ የድሮውን እያነሳን ሳቅን፤ አልነገርኩትም።
አንዷ ተማሪ ማሸነፍን ማን እንዳስተማረው ጠየቀችው።
«መሸነፍ» አላት። «በተሸነፍኩ ቁጥር ዳኛው ነው፣ ጫማው ነው፣ ነፋሱ ነው እል ነበር። አሠልጣኜ አንድ ቀን፣ ነፋሱ ሌሎቹን አይነካም ወይ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እግሬ ነው እላለሁ። እግሬ ከሆነ ነገ አሠራዋለሁ። ነፋሱን ግን ምን አባቴ አደርገዋለሁ?»
ልጆቹ በጭብጨባ አዳራሹን አናጉት። ጓድ መ. እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል።
ከሰዓት በኋላ ቢሮው ጠራኝ። አልነገርከውም? አለኝ።
«ነግሬዋለሁ። እምቢ አለ።»
እንዲህ አልኩ። በዚህ አፌ።

ማክሰኞ፣ ጥቅ. 12
አራት ቀን አልጻፍኩም። ደብተሬ፣ አንቺንም ፈራሁሽ።
ዛሬ እማማ ዘሀራ ት/ቤቱ በር ላይ። ከኮምቦልቻ ድረስ። የሰይድ የውጭ ጉዞ ታገደ። ከደሴ ክፉ ወሬ ተልኮበታል ተብሏል።
«ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ። ማን እንደተናገረበት ጠይቅልኝ።»
«አብሽሩ እማማ፣ እጠይቃለሁ።»
መረቁኝ። አላህ ከክፉ ይጠብቅህ፣ የልብህን ይሙላልህ። እጄን ዘርግቼ አሜን አልኩ። አሜን አልኩ እኮ ደብተሬ!

አርብ፣ ጥቅ. 15
የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ። ሁላችንም ጥፋታችንን ጉባኤ ፊት የምንናገርበት። ማለት የምናወጣው ቀላል ቀላሉን ነው። እኔ ሁልጊዜ ውይይት ክበብ አረፈድኩ እላለሁ፤ ይታረም ይሉኛል፤ እቀመጣለሁ።
ተራዬ ደረሰ። ተነሳሁ። ለሰይድ ምንም አልነገርኩትም፤ እሱም እምቢ አላለም፤ ፈርቼ ዋሸሁበት አልኩ። ጓድ መ. ቃለ ጉባኤ ያዡን ይህንን ጻፍ አለው። ከሥራ ታገድኩ፤ ሰኞ ቀበሌ እቀርባለሁ። የሰይድ ጉዳይ እንደገና ይታያል አሉ። ምን ዋጋ አለው? ቡድኑ ትናንት በርሯል።
ቀሎኛል ብል ውሸት ነው።

እሁድ፣ ጥቅ. 17
ኮምቦልቻ። ሰይድ ከሩጫ ሲመለስ መንገድ ላይ አገኘሁት። ላቡ ሳይደርቅ ነገርኩት፤ አንዲት ሳላስቀር። ፍርሃት ነው፣ ዘመኑ ነው ልል ስል ዋጥኩት። እኔ ነኝ አልኩ።
ይመታኛል ብዬ ነበር። ቢመታኝ በወደድኩ።
«ይቅር ብዬሃለሁ ብል፣ ወላሂ፣ ዋሸሁ። ገና ነው። አሁን ሂድ።»
ጥቂት እንደራቅሁ በስሜ ጠራኝ። እናቱ ለቅሶ ሄደው ኩታበር አድረዋል፤ ነገ ይመለሳሉ። አሁንም በየሶላታቸው ዱዓ ያደርጉልኛል አለ። «እሷ ማን እንደሆነ አታውቅም። እኔ አልነግራትም። አንተ ንገራት።»
ነገ ከቀበሌው እንደወጣሁ፣ ካስወጡኝ፣ እወርዳለሁ። ደጃፍ ቆሜ፣ እማማ፣ የጠየቁኝን ሰው አግኝቼዋለሁ እላቸዋለሁ። ከዚያ…