የአጎትህ ጎጆ ፈረሰች

ይድረስ ለምወድህ ልጄ ለቩቲ፣

በባሕር ላይ እንደምን ከርመህልኛል? እኛ ካንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነን። ዝናቡ ዘግይቶም ቢሆን ገባ፤ ሩዙም ተተከለ።

በእህትህ በሶፊያፕ ትምህርት ቤት የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደሙ ያለበት ወጣት መጥቶ ስለ በሽታው አስተማራቸው። "ተጠንቀቁ፣ ተመርመሩ፤ አብሮ በመብላትና በመጠጣት ግን አይተላለፍም። እኔ መድኃኒቴን እየወሰድኩ አግብቼ ወልጃለሁ" አላቸው። ሲጨርስ ውሃ የጠጣበትን ብርጭቆ የሚያነሳ ጠፋ። እህትህ ተነስታ ውሃ ቀዳችና በዚያው ብርጭቆ ጭልጥ አድርጋ ጠጣች። ጎረቤታችን እትዬ ራኒ ይህን ሰምታ፣ "ቻንታ፣ ልጅሽ አበደች እንዴ?" አለችኝ። አባትህ ቀበል አድርጎ፣ "ያበድነውስ ያኔ ነበር" አላት።

በአጎትህ ላይ ያደረግነውን ማለቱ ነው። በዚያ በሽታ ጓሯችን ባለችው ጎጆ ለብቻው ተኝቶ፣ ምግቡ በበሩ ሥር እየተገፋለት ነው የሞተው። ሳሉ እስከ ዛሬ ከዚያ ይሰማኛል።

አብሮህ የሚሠራው ጓደኛህ ከታይላንድ ሲመለስ ስላንተ ጠየቅኩት። "ደህና ነው" አለኝ፤ ዓይን ዓይኔን ግን አላየኝም። በላክኸው ፎቶ ላይም ከስተሃል። መቼም የዓሣ መርከብ ሥራ ያከሳል። ጤና ጣቢያችን አሁን የዚያን በሽታ መድኃኒት በነጻ ይሰጣል አሉ። እንዲያው ወሬ ብዬ ነው።

ትናንት አባትህ መጥረቢያውን አንስቶ ያችን ጎጆ አፈረሳት። "ምን ነካህ?" ብዬ ብጠይቀው፣ "ልጄ ሲመጣ ከእኛ ጋር ነው የሚተኛው" አለኝ።

የመንደራችን መነኮሳት ምርቃት ይከተልህ፤ መንገድህ ወደ ቤት ይቅና።

እናትህ ቻንታ