በቤቴ የሚያድር ሰው

ለልጄ፣

ወገብሽ ጠናልሽ? የዴንቨር ብርድ ለአራስ አይሆንም፤ ራስሽን ሸፍኚ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ያው ነው። ፊደሌ ቢጣመም አትሳቂ፤ በገዛ እጄ ነው የምጽፈው። ሌላ ሰው አላየውም።

ለአራስ የሚባለውን አላልኩሽም፤ አዝኜብሻለሁ። መውለድሽን የሰማሁት ከማደጎ ድርጅት ከደወለችልኝ ከማላውቃት ሴት ነው። ልጅቷን በቀጥታ ለእኔ ብትሰጪኝ ነገሩ ይቀል ነበር አሉ። ለማደጎ ድርጅት ስለሰጠሻት ግን አንቺ ያለሽበት ኮሎራዶ እሺ ሳይል፣ እኔ ያለሁበት ቴክሳስም ቤቴን አይቶ እሺ ሳይል፣ የልጅ ልጄን ድንበር ማሻገር አልችልም። ይሁን ብዬ አሻራ ሰጠሁ፤ ሐኪም ዘንድም ሄድኩ።

ቤት የምታየው ሴት ትዕግሥት የምትባል አስተርጓሚ ይዛ መጣች። በቤቴ የሚያድር ሰው ሁሉ አሻራ ይሰጣል አለችኝ። ጳውሎስ አለ፣ የወንድሜ ልጅ ነው፣ የዲቪ ሎተሪ ደርሶት ከመጣ ጀምሮ እኔው ጋ ነው አልኳት። እሱም «የአክስቴ ዓይን እኔ ነኝ፤ ያለ እኔ ምን ይውጣታል?» ብሎ አሳቃቸው።

ትናንት ትዕግሥት ደወለች። ልጅቷን ለእኔ የምትሰጪው ጳውሎስ እዚህ ቤት ከሌለ ብቻ ነው ብለሻል አሉ። ለምን አልኳት። «እናቴ፣ ለእርስዎ ደጋግማ ጽፋለች እኮ» አለችኝ።

እዚህ ጋርላንድ ያለውን ቤታችንን ለቀሽ ስልክ ማንሳት ከተውሽ ወዲህ መልእክትሽን የሚያነብልኝ ጳውሎስ ነበር። «ሰላም ናት፣ ሥራ በዝቶባታል» ይለኛል። መልሱንም እሱ ነበር የሚጽፍልሽ፤ ምን ብሎ እንደሆነ አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን ፊደል መማር ስጀምር «በዚህ ዕድሜሽ ምን ያደርግልሻል? እኔ አለሁልሽ» ብሎ ሳቀብኝ።

ስልኬን ከፈትኩ። ከአንቺ የመጣ አንድም መልእክት የለበትም።

ዛሬ ጠዋት ሻንጣውን ደጅ አወጣሁት። «አክስቴ፣ ምን አጠፋሁ?» አለኝ። አንተ ታውቃለህ አልኩት። አላለቀስኩም። ከዚያ ክፍልሽን ላጸዳ ገባሁ። የበርሽ መቀርቀሪያ ከውስጥ ተገንጥሎ እንደነበር ገና ዛሬ አየሁ። አሠራሁት።

ለትዕግሥት መውጣቱን ነግሬያታለሁ፤ ሴትዮዋ ቤቱን እንደገና ታያለች። ከዚያ በኋላ ልጅቷን ብትሰጪኝም ለሌላ ብትሰጫትም አልቀየምሽም። ምንም እንድትነግሪኝ አልጠይቅሽም። መጻፍ ካማረሽ ግን ጻፊልኝ። ቀስ እያልኩ አነባለሁ።

እሷንም አንቺንም ከክፉ ይጠብቃችሁ። እንቅልፍ ይስጥሽ።

እንኳን ማርያም ማረችሽ።

እናትሽ