አንደኛ የወጣው ጉድጓድ

ባልሳር መንደር፣ ራጃስታን
ጄት ወር በገባ በአሥራ አራተኛው ቀን

ውዷ ልጄ ሱግና፣

መጀመሪያ ቁጭ በይ። ብቻሽን ከሆንሽ ሰው ጥሪ። በስልክ «ቦማ ቆስሎ ሐኪም ቤት ነው» ያልኩሽ ውሸት ነው። ወንድምሽ ሞቷል። ሆላንድ ድረስ በስልክ ላረዳሽ አንደበቴ እምቢ አለኝ።

ያወጣሽውን የአሥራ አንዱን ጉድጓድ የውኃ ጥራት ደረጃ የወረዳው ሹም ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። የእኛ የታችኛው ሠፈር ጨው የሌለበት ጣፋጭ ጉድጓድ አንደኛ፣ የላይኞቹ ሰባተኛ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የላይኛው ሠፈር ወንዶች ጎርዳንን አስቀድመው፣ ጉድጓዱን ለራሳቸው ሊቆልፉ ሰንሰለትና ቁልፍ ይዘው መጡ። ቦማ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሞ ሳቀባቸው።

«እናንተ የነካችሁትን ውኃ ቀምሰን አንረክስም ስትሉ ኖራችሁ! ዛሬ ወረቀት አነጻው እንዴ?»

«ዝጋ አፍህን፣ አንተ ቆዳ ፋቂ!» አለ ጎርዳን።

«ይልቅ ባልዲህን አምጣ፣ እኔው ልቅዳልህ። እጄን ግን አልታጠብኩም።»

ሴቶቻችን ሳቁ። ጎርዳን ሳቁን አልቻለውም። ናስ የተለበጠ ዱላውን ቦማ አፍ ላይ አሳረፈው፤ ጥርሱ ከደም ጋር ረገፈ። ቦማም የእንስራ ስባሪ አንስቶ ጉንጩን ተረተረው። ከዚያ ወዲያ ዱላና መጥረቢያ ብቻ ሆነ። ሁለቱ ክንዱን ያዙት፣ ሦስተኛው አናቱን በመጥረቢያ አለው። እኔ የጎርዳንን ጆሮ በጥርሴ ነክሼ ነበር፣ በስልሳ ሁለት ዓመቴ! እስኪቆረጥ አልለቀቅኩትም። ቀና ስል ልጄ ግማሽ አካሉ ጉድጓዱ ውስጥ ተንጠልጥሏል።

ጥፋቱ ያንቺ እንዳይመስልሽ። ያሰላሽው አንቺ ብትሆኚም ሚዛኑን ያዛባሁት እኔ ነኝ። መጠይቅሽን ይዤ የውኃውን እንከን ሁለት ሁለቱን እያጋጠምኩ «የቱ ይብሳል? ስንት እጥፍ?» ብዬ አዛውንቶቹን ጠየቅኩ። ፍሎራይድ ላይ ስደርስ «ጥርስ የሚያበልዝ ነገር» አልኳቸው። ሽማግሌው ፔማራም ባዶ ድዱን አሳየኝና «የቱን ጥርሴን? ጨው ዘጠኝ እጥፍ ይብሳል በልና ጻፍ!» አለ። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ጻፍኩ።

ወረቀትሽ ግን ከሥሩ «አጥንት ያጎብጣል» ይል ነበር። አንብቤዋለሁ። ጉድጓዳችን ጨው ባይኖርበትም ፍሎራይዱ ከሁሉም ይበልጣል፤ የገዛ ወገቤ በምን እንደጎበጠ ጠፍቶኝም አይደለም። ዕድሜ ልካችንን መጨረሻ ሆነን ኖረናል፤ አንድ ጊዜ እንኳ አንደኛ እንድንሆን ፈለግኩ።

አሁን ፖሊስ ቆሞ ሁለቱም ሠፈር ከእኛው ጉድጓድ ይቀዳል። የቦማ ልጅ ገና ሁለት ዓመቷ ነው፣ እሷም ከዚያው ትጠጣለች። ስለዚህ ፍሎራይድን ዘጠኝ፣ ጨውን አንድ አድርገሽ እንደገና ሥሪው። ጉድጓዳችን መጨረሻ ይወጣል፣ አውቃለሁ። ለሹሙ በቶሎ ላኪለት።

እናትሽ ይህን ስነግራት ደረቷን እየደቃች «ልጄ የሞተው አንደኛው ጉድጓድ ላይ ነው! መጨረሻ የሚያደርገው ማነው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም። ደውላ «እንዳትልኪ» ካለችሽ አትከራከሪያት። አባቴ ነው ያስገደደኝ በያት።

ፈጣሪ አጥንትሽን ያጽናልኝ።

አባትሽ ሁክማራም