በምርቃት የተሰጡ ምርኮኞች

ሰኞ

ለሚመለከተው ሁሉ፦ ዛሬ ከረፋዱ አራት ሰዓት ግድም የምቀመጥበት ዱካዬ ከሱቄ ደጃፍ ተሰርቋል። ዱካው ሰማያዊ ፕላስቲክ ሲሆን አንድ እግሩ በሲባጎ የተጠገነ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያለ አንዳች ቅሬታ አገልግሎኛል። የሶማሌ ተራ ሕዝብ በያለበት ቆሞ በኅሊና ጸሎት እንዲያስበው አሳስባለሁ።

ገመድና ማዳበሪያ ሻጭ ዱካ ከሌለው እንደ ዕቃው ግድግዳ ተደግፎ ይውላል። ፍለጋ ወጣሁ። ሩቅ አልሄድኩም። ከእኔ ሦስት ሱቅ አልፎ ያለው የሙሌ ቴሌቪዥን ቤት ደጃፉ በሰው ታጭቋል። ዱካዬ ላይ አንድ ወፍራም ሰውዬ ቆሞ በሰው ትከሻ አሻግሮ ያያል። የሲባጎው ጭንቀት ከሩቅ ይታየኛል።

«ኳስ ነው?» አልኩት።

«ምርኮኞች ናቸው። ዝም ብለህ እይ።»

ከሁሉም ትልቁ ስክሪን ላይ መሬት የተቀመጡ ልጆች። አቧራ ለብሰዋል። አንዱ ክንዱ ደም በደም ነው። የሚቀርጻቸው ሰው ይስቃል፣ ይሳደባል። እዚህም ይሳቃል። ሙሌ ደግሞ ከጎን ቆሞ ለገዢ ያስረዳል፦ «ቀለሙን አያችሁ? የደሙን ቀለም ተመልከቱ፣ ይሄ ነው ጥራት ማለት!»

ዱካዬን ሳልጠይቅ ተመለስኩ። ምሳዬ ምስር ነበር። ቀይ ወጥ። አልበላሁትም።

ማክሰኞ

ለታሪክ ይመዝገብ። ሙሌ ቴሌቪዥን ሲሸጥ ፍላሽ ይመርቃል። ዕቃ ገዝቶ ያለ ምርቃት የሚሄድ ሰው መርካቶን አያውቃትም። ፍላሹ ላይ ለክርስቲያኑ መዝሙር፣ ለሙስሊሙ ነሺዳ፣ ለሁሉም የጋራ ኳስና ቀልድ ይጭናል። በዚያው ፍላሽ ገዢው ፊት ቴሌቪዥኑን ሁለት ደቂቃ ይሞክረዋል፣ ከዚያ ነቅሎ ከካርቶኑ ጀርባ በፕላስተር ይለጥፋል። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ፍላሹ ላይ «የጠላት ምርኮኞች» የሚል ተጨምሯል። ከቀልዱ በታች፣ ከኳሱ በላይ።

ሄጄ ነገርኩት።

«ሙሌ፣ ይሄን አውርደው። ያስነውራል።»

«ሕዝብ የማወቅ መብት አለው ታዴ። ጦርነት ምን እንደሆነ ይየው! ካላየ እንዴት ይጠላዋል?»

«ሰዉ እኮ እየሳቀ ነው።»

«እሱማ የሕዝቡ ጉዳይ ነው።»

ልመታው ነበር። በነገሩ ውስጥ ግን አንድ እውነት አለች፤ ጦርነትን በዜማና በባንዲራ ብቻ የሚያውቅ ሰው አንድ ቀን ደሙን ቢያይ ደግ ነው። ይህቺን እውነት ሙሌ አፍ ውስጥ ማግኘቴ የበለጠ አናደደኝ።

ሻይ የሚያፈሉልን እትዬ ዘነበች ደግሞ ብርጭቆ እየሰበሰቡ፣ «እኔ የታሰረ በግ እንኳ ሲያየኝ ፊቴን አዞራለሁ። ይኼ ሁሉ ጎረምሳ ሥራ የለውም?» አሉ። በኋላ ግን ሻይ ይዘው ገቡ። ተመልካች ሻይ ይጠጣል።

በመሆኑም የሚከተለውን ወስኛለሁ፦ ይህን ቪዲዮ ማንም ሰው ማየት የለበትም። ማንም! ውሳኔው ይግባኝ የለውም።

ከሰዓት ጋሼ ነስሩ ገመድ ሊገዙ መጡ። ወደ ክፍለ ሀገር የሚሄድ ዕቃ በሙሉ በእሳቸው እጅ ታስሮ ነው የሚወጣው። የሙሌንም ካርቶኖች የሚያስሩት እሳቸው ናቸው።

«ከአብዲ ወሬ አለ?» አልኳቸው። ልጃቸው ነው። አብሯቸው ያስር ነበር፤ ዘምቶ ስልኩ ከጠፋ አምስት ወር ሆነው።

«አልሃምዱሊላህ፣ ክፉ ወሬም የለም» አሉ። መልሳቸው ሁሌ ይሄ ነው።

ረቡዕ

እዚህ ካልተናገርኩ የት ልናገር። አየሁት። ትናንት ይግባኝ የሌለው ውሳኔ ያሳለፈው ዳኛ ዛሬ ማዳበሪያ ክምር ጀርባ ተሸሽጎ አየ። ለጥናት ነው አልኩ ለራሴ። ሌባም ሲገባ ለጥናት ነው የሚገባው።

ቪዲዮው የመጣልኝ በተራችን የእድር ቴሌግራም ነው። ግሩፑ ለቀብርና ለመዋጮ የተከፈተ ነበር። ከላይ «የአቶ እገሌ እናት አርፈዋል»፣ ከታች ምርኮኞቹ፣ ከእነሱ በታች የሳቅ ምስል የላኩ አሥራ አራት የእድርተኛ ጣቶች።

ዘጠኝ ደቂቃ ነው። ሁለቱን ብቻ ቻልኩ።

ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ልጅ አለ። ኮፍያው ፊቱን ጋርዶታል። ከሸሚዙ ጫፍ ቀደደና ያንን ደም የለበሰ የጓደኛውን ክንድ ማሰር ጀመረ። ቀራጩ «ዶክተር መጣ!» ብሎ ሳቀ። ልጁ ቀና አላለም። ጨርቁን ጠመዘዘ፣ አንዱን ጫፍ በጥርሱ ያዘ፣ ቋጠሮውን በክርኑ ተጭኖ ሳበ።

ቪዲዮውን እዚያው አቆምኩት።

እንዲህ የሚያስር ሰው በዚህ ሰፈር ሁለት ብቻ ነው። ጋሼ ነስሩ የግራ አውራ ጣታቸው ካርቶን ከወደቀበት ጀምሮ አይታጠፍም። ስለዚህ የገመዱን ጫፍ በጥርሳቸው ይይዙና በክርናቸው ያጠብቃሉ። አብዲ ደግሞ አሥሩም ጣቱ ደህና ሆኖ ሳለ፣ ከአባቱ ሲማር ጥርሱንም ክርኑንም አብሮ ተማረው። ተራው በሙሉ ስቆበታል። እኔም «አንተ፣ አውራ ጣትህን ለሠርግህ ነው ያስቀመጥካት?» ብዬዋለሁ።

«እንዲህ ካልሆነ አይጠብቅም ጋሽ ታዴ» ይለኝ ነበር።

በሕይወት አለ። ወይም ሲቀረጽ ነበር። ደስ አለኝ። ደጅ ወጣሁ። ጋሼ ነስሩ ሙሌ በር ላይ ለስክሪኑ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ጎንበስ ብለው የቴሌቪዥን ካርቶን ያስራሉ። ፍላሹ ከጀርባው ተለጥፏል። ገመዱ በጥርሳቸው ነው።

ሐሙስ

ሰበር ዜና። ምርኮኞቹ ዜግነት ቀየሩ።

ጠዋት ያው ቪዲዮ በአዲስ ርዕስ መጣ፦ «በጀግኖቻችን ላይ የተፈጸመ ግፍ።» ልጆቹ እነዚያው፣ አቧራው ያው፣ «ዶክተር መጣ!» የሚለውም ሳቅ ያው። የሙሌ ደጃፍ ግን ዛሬ ለቅሶ ቤት ሆኗል። ሰኞ ዱካዬ ላይ ቆሞ የሳቀው ወፍራም ሰውዬ፣ ዛሬም ዱካዬ ላይ ቆሞ ዓይኑን በክንዱ ይጠርጋል። «ልጆቻችን! አዪ ልጆቻችን!»

«ሰኞ ጠላት አልነበሩም እንዴ?» አልኩት።

ንቆኝ ከላይ አየኝ። «ርዕሱን አላነበብክም?»

ለጋሼ ነስሩ ልነግራቸው ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። አንዴ ስለ ዝናብ ነገርኳቸው። አንዴ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ። በሦስተኛው ወፍራም ገመድ ሲጠይቁኝ ቀጭን ሲባጎ ሰጠኋቸው፤ መልሰው አስቀመጡትና «ታዴ፣ አሞሃል?» አሉኝ።

አሞኛል። ግን ለምን አልነግራቸውም? ካልነገርኳቸው ሌላ ሰው ሊያውቀው ይችላል፤ ያን ጊዜ በትልቁ ስክሪን፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ሊያዩት ነው። ከነገርኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ ያሳየኋቸው።

ቪዲዮ መቁረጥ ተማርኩ። ገመድ ይቀላል። ሦስት ጊዜ ተበላሸብኝ፤ አንዴ ልጁን ቆርጬ ሳቁን አስቀረሁ። በመጨረሻ አሥራ አንድ ሰከንድ ወጣልኝ። ድምፅ የለውም። ስድብ የለውም። እጅ፣ ጥርስ፣ ክርን።

ዓርብ

ጋሼ ነስሩን ከጁምዓ ሲመለሱ ጠበቅኳቸው። ወደ ውስጥ፣ ከማዳበሪያው ጀርባ አስገባኋቸው።

«ጋሼ ነስሩ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት ነው። አልፈልግም ካሉ አላሳይም።»

ፊቴን አዩ። «አብዲ ነው?»

«ይመስለኛል።»

«በድን ነው?»

«አይደለም! አይደለም። ተማርኳል።»

«አምጣው።»

አሥራ አንዱን ሰከንድ አዩ። እንደገና አዩ። አራተኛው ላይ እኔ መቁጠር ተውኩ። እንባ ጠብቄ ነበር፤ ውኃ ሁሉ አዘጋጅቻለሁ። እሳቸው ግን ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣

«አንድ ዙር ነው የጠመዘዘው» አሉ። «ሁለት ነበር ያስተማርኩት።» አንዴ ደግመው አዩና፣ «ጨርቁ አጥሮበት ነው» አሉ።

ከዚያ የፈራሁትን ጠየቁኝ።

«ሌላ ሰው አይቶታል?»

መዋሸት እችል ነበር። ጥሩ ውሸታም ነኝ፤ ሃያ ዓመት ነግጃለሁ። ግን ነገርኳቸው። ሙሌ ቤት፣ በትልቁ ስክሪን፣ ከሰኞ ጀምሮ። ፍላሹንም። ካርቶኑንም።

«እኔ ያሰርኩት ካርቶን?»

«አዎ።»

የማይታጠፍ አውራ ጣታቸውን ተመለከቱት። ውኃውን ሳይጠጡ ወጡ።

ቅዳሜ

ገበያው ሲከፈት ጋሼ ነስሩ ሙሌ በር ላይ ነበሩ። ትናንት ታስረው ያደሩ ዘጠኝ ካርቶኖች ተደርድረዋል። ሰላምታ አላቀረቡም። የመጀመሪያውን መፍታት ጀመሩ።

«ኧረ ጋሼ ነስሩ! መኪናው ደርሷል እኮ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ልጄን ላወርድ ነው።»

ሙሌ አልገባውም። ቀርቤ በጆሮው ነገርኩት። ካርቶኑን ትቶ ወደ እሳቸው ዞረ።

«ጋሼ ነስሩ... በአላህ... የእርስዎ ልጅ መሆኑን አላወቅኩም።»

ቀና አሉ። «የማን ልጅ ቢሆን ነበር ደህና?»

ማንም አልሳቀም። ወፍራሙ ሰውዬ ከዱካዬ ላይ ወረደ። ጋሼ ነስሩ ዘጠኙንም ፈቱ፣ ፍላሾቹን አንድ በአንድ ላጡ፣ ከእኔ በወሰዱት ማዳበሪያ ውስጥ አኖሩ። ከዚያ ዘጠኙንም መልሰው አሰሩ። ሁለት ሁለት ዙር። የሰው ዕቃ ተፈትቶ አይተውም።

ሙሌ ትልቁን ስክሪን ከሶኬቱ ነቀለ። ቀደም ብለው ለሄዱት ገዢዎች ይደውል ጀመር፤ በየከተማው፣ አንድ በአንድ፣ «ፍላሹን ጣሉት፣ ሌላ እልካለሁ» እያለ። አንዱ በድምፅ ማጉያው ሲመልስለት ሁላችንም ሰማን፦ «እንዴ፣ እሱን እኮ ነው ሰፈር በሙሉ መጥቶ የሚያየው!»

ሙሌ ደጅ ወጥቶ ተፋ። እኔም ተፋሁ። በሳምንቱ ውስጥ የተስማማንበት ብቸኛ ነገር ነው።

እሑድ

ጋሼ ነስሩ ትናንት ማታ ለባለቤታቸው ነግረው ኖሮ፣ ዛሬ መሳለሚያ ቤታቸው ጠሩኝ። የእሳቸው ስልክ ቪዲዮ አያሳይም። የአብዲ እናት እትዬ ራቢያ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

አሥራ አንዱን ሰከንድ ከፈትኩላቸው። አዩና፣

«ፊቱስ?» አሉ።

«ኮፍያው ጋርዶታል እትዬ።»

«ድምፁስ?»

«ድምፁን... እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ጥሩ ነገር አይደለም የሚባለው።»

«አንተን ማን ቁረጥ አለህ?» አሉኝ። አልጮሁም። «የሰደቡት ልጄን ነው። ዘጠኝ ወር የተሸከምኩትን ዘጠኝ ደቂቃ አላይም? ሙሉውን አምጣ።»

ጋሼ ነስሩን አየሁ። እሳቸው ወለሉን ያያሉ። ሙሉውን ከፈትኩ፣ ከነስድቡ። «ዶክተር መጣ!» ሲል ዓይናቸውን አላርገበገቡም። እኔ ፊቴን አዞርኩ። እሳቸው አላዞሩም።

ሁለት ደቂቃ አለፈ። ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔ አላየሁም። ሙሌም አላየም፤ የእሱ መሞከሪያ ሁለት ደቂቃ ነው፤ ትልቁ ስክሪን ላይም እሷኑ ነው የሚደጋግማት። ሕዝቡም ስቆ፣ አልቅሶ ነው የሄደው እንጂ እዚያ አልደረሰም። ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ልጆቹን አንድ በአንድ ስማቸውን ያስጠሯቸዋል። ሰባት ናቸው። ስምና የተወለዱበት አገር። የመጨረሻው ኮፍያውን አወለቀ።

«አብዲ ነስሩ። መርካቶ።»

እትዬ ራቢያ ስልኩን ደረታቸው ላይ ለጠፉት። አለቀሱ፣ ግን አልቆዩም። «ይሄ መቼ ነው የተነሳው?» አሉ። አናውቅም። ባለፈው ሳምንት ይሁን የዛሬ ሦስት ወር፣ ማንም አያውቅም። አሁን የት ነው? አናውቅም። ክንዱ የታሰረለት ልጅስ? እሱንም አናውቅም።

«ስማቸውን ጻፍ» አሉኝ።

«የማንን?»

«የስድስቱን። እናት የላቸውም እንዴ? እኔ ዛሬ የሰማሁትን እነሱ አልሰሙም።»

ጻፍኩ። የሁለቱ ልጆች አገር ሙሌ ፍላሹን የላከበት ከተማ ነው። ነገ በጠዋት ይደውላል፤ ቪዲዮውን ሊልክ ሳይሆን ቤታቸውን ሊያፈላልግ። እምቢ ካለ ገመድ አለኝ።

እርማት፦

በሰኞ ዕለት ማስታወሻ «ዱካዬ ተሰርቋል» ተብሎ የተገለጸው ስሕተት ነው። ዱካው ተወስዶ ነበር፤ አንድ እግሩ ተሰብሮ ተመልሷል።

በማክሰኞ ዕለት ማስታወሻ «ይህን ቪዲዮ ማንም ሰው ማየት የለበትም» ተብሎ፣ ይግባኝም የለውም ተብሎ የተጻፈው በሚከተለው ይታረም፦ ከሰባት እናቶች በስተቀር። እነሱም ከፈለጉ፣ ቤታቸው፣ በሩ ተዘግቶ፣ ሳይቆረጥ።

ለተፈጠረው ስሕተት ጸሐፊው እትዬ ራቢያን ይቅርታ ይጠይቃል።