የማን ልጅ ነህ?

ሸዋ ሮቢት፣ ሚያዝያ 2004 ዓ.ም.

ልጄ ፌቨን፣ የሰው አገር ብርድ አይድፈርሽ። ያሳደገሽ አጎትሽ ደህና ነኝ፤ ተቀይሜሻለሁ እንጂ። በዚህ ቆላ የሱፍ ሹራብ የምትልኪልኝ ቀቅለሽ ልትበይኝ ነው?

የምር ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። ስለ ኤችአይቪ የሠራሽውን ጌም፣ ጌም ቤቴ የሚመጡት ጎረምሶች ወደውታል፤ በሽታው እንዴት እንደሚተላለፍ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ጌምሽ ውስጥ ልጁ መድኃኒት ቤት ገብቶ ኮንዶም ሲጠይቅ ሻጩ ዝም ብሎ ይሰጠዋል። ባጃጅ ነጂው ኢዮብ፣ የሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ይህን አምኖ ወደ ኤፍሬም መድኃኒት ቤት ሄደ። ኤፍሬም ሰው ፊት፣ «የማን ልጅ ነህ? አባትህ ያውቃል?» አለው። ኢዮብ ቤቱ ሳይደርስ ወሬው ደርሶ አባቱ በዱላ ተቀበለው። ከዚያ ወዲህ አንድም ጎረምሳ ያንን ደጅ አልረገጠም፤ ያለ ኮንዶም ሴት ጋ መሄዱን ግን አልተዉም። ይህ በሽታ ስንቱን እንዳስቀበረን ኤፍሬም ጠፍቶት ነው? የእድራችን ዳኛ እሱ አይደለም እንዴ?

እባክሽ፣ ጌሙ ላይ እንደ ኤፍሬም አፍ ያለው ሻጭ ጨምሪበት። ልጆቹ መልስ መስጠት ይለማመዱ። አምላክ እጅሽን ይባርክ፣ ዕድሜሽን…

ቆዪ፣ ሰው መጣ። የኤፍሬም ልጅ ሶስና ናት፤ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥታ፣ ካርቶን ታቅፋ ደጄ ላይ ቆማለች። «ጋሼ፣ እኛ ጋ የሚገዛ ጠፋ፤ ኮንዶሙ እርስዎ ጋ ይቀመጥ። አባዬ ከጠየቀ መልሱን ለእኔ ይተዉት» ትለኛለች።

ተነሥቼ ልቀበላት።