ሚክ የሚባል ሰው የለም

ውድ ዳዊ፣

ተናድጄብሃለሁ፤ ግን ውድ ነህ። ደብዳቤ የመረጥኩት በአፍ ስለምታሸንፈኝ ነው። ማክሰኞ ከእንግሊዝ ኮል ስታደርግልኝ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ዌርሃውሱ ውስጥ ፎርክሊፍቱ እየጮኸ "እሺ፣ እሺ" ያልኩህን ሁሉ ሰርዘው። የላክህልኝን ወረቀት አልፈርምም።

ምን እንደሚል ላስታውስህ፤ ሳታነበው ነው የላክኸው ብዬ ማሰብ ይሻለኛል። ዘ ዳምፕ ኮትስ ለሃያ አምስተኛ ዓመቱ የባንዱን ታሪክ በመጽሐፍ ሊያወጣ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ የመጀመሪያው ከበሮ መቺ ሚክ ሂል ነው። እኔ ደግሞ ይህንን የሚቃወም ቃል እንዳልተነፍስ በፊርማዬ ላረጋግጥ ነው። ዳዊ፣ ሚክ ሂል እኮ እኔ ነኝ። አንተም ታውቃለህ፤ ስሙን ያወጣኸው አንተ ነህ።

ጥፋቱ ከኔ መጀመሩን አልክድም። ሊድስ፣ ከላውንድሪው ሥር ያለችው ምድር ቤት ትዝ ትልህ የለ? አንተ በጊታር፣ ሁለቱ የሰፈር ልጆች በቤዝና በድምፅ፣ እኔ በከበሮ። ሁሌ ዝናብ መትቶን ስለምንገባ ካፖርቶቻችንን ማድረቂያ ማሽኖቹ ላይ አስጥተን ነበር የምንጫወተው፤ እርጥቦቹ ካፖርቶች የሚለው የባንዱ ስም ከዚያ መጣ። የመጀመሪያው ሲዲ ሊታተም ሲል ለሽፋኑ የሁላችንም ስም ተጠየቀ። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ አደርኩ፤ ሙኒራ ብለህ ብትጽፍ ቀጥሎ ሰልማን ይመጣል። ለፈረንጅ የአባት ስም የቤተሰብ ታፔላ ነው። ለእኛ ግን ሰውዬው ራሱ ነው። ሰልማን ማለት ሐሙስ ሐሙስ ሳሎናችን ውስጥ ሰው ሰብስቦ መንዙማ የሚያወጣው አባቴ ነው። ቢራ ቤት በሚሸጥ ሲዲ ላይ እሱን ማቆም አቃተኝ። "የሆነ የፈረንጅ ስም ጻፍልኝ" አልኩህ። አንተም ጻፍክ፣ ሳቅን፣ አለቀ።

ከሁሉ የባሰው ደግሞ ሦስተኛው ዘፈን ነበር። ያ ሁለት ከባድ፣ አንድ ቀላል፣ ከዚያ ትንፋሽ ያህል ዝም የሚለው ምት፣ እናንተን ታዋቂ ያደረጋችሁ ምት፣ የአያቴ የየሱፍ ነው። ደሴ ልጅ ሆኜ ለመንዙማ ሐድራ ሲቀመጡ ጉያው አስገብቶ፣ መዳፌን ድቤው ላይ አስደግፎ ነው ያስተማረኝ። ይህን ለአንተ ብቻ ነው የነገርኩህ።

ከዚያ እኔ ዲቪ የደረሰው ሰው አግብቼ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ መጣሁ። እናንተ ሌላ ከበሮ መቺ አገኛችሁ፣ ትልልቅ መድረክ ላይ ወጣችሁ፣ ተጣላችሁ፣ ተበተናችሁ፣ ታረቃችሁ። ሚክ ግን ያለኔ ማደግ ጀመረ። መጀመሪያ ዓለምን ንቆ ስኮትላንድ ተራራ ላይ ገብቷል ተባለ። ቀጥሎ ከድልድይ ወድቆ ሞተ። ሰዎች በየዓመቱ ድልድዩ ላይ ሻማ ሲያበሩልኝ እኔ እዚህ ሊንደን ሰፈር ዳይፐር እቀይር ነበር። እሱም አላናደደኝም፤ እንዲያውም እስቅ ነበር። ያናደደኝ ያንተ ኢንተርቪው ነው። "ምቱን ሚክ ከባቡር ሐዲድ ድምፅ ነው የወሰደው" ስትል ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ እየነዳሁ ነበር፤ መኪናዬን ጥግ ይዤ ፑል ኦቨር አድርጌ ተቀመጥኩ። አያቴን ባቡር አደረግከው።

ልጄን ሰልሳቢልን አታውቃትም። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ የሚክ ጥላ የታተመበት ቲሸርት አላት። ማክሰኞ ማታ እራት ላይ ነገርኳት።

"ሚክ እኔ ነኝ።"

"ማም፣ ሚክ ኢዝ ዴድ" አለችኝ፣ ቀና እንኳን ሳትል። "ኤቭሪባዲ ኖውስ።"

ጠረጴዛውን በሁለት እጄ መታሁላት። ሁለት ከባድ፣ አንድ ቀላል፣ ዝም። ሹካዋን አስቀምጣ አየችኝ። ከዚያ ያለችኝ ነገር ነው እንቅልፍ የነሳኝ፤ "ሶ ዋይ ዲድ ዩ ሌት ዜም?" አለች። ለምን ፈቀድኩላቸው? አባቴን ፈርቼ ነው ብላት፣ አባቴ በሚቀጥለው ክፍል ነው ያለው፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ እኛ ጋ ነው የሚኖረው። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ግድግዳ ማዶ ላለ ሰው ያልነገርኩትን ላንተ ሕዝብ ልነግር ነው?

ረቡዕ ዐስር ሰግዶ ሲጨርስ ሄድኩና ሦስተኛውን ዘፈን በስልኬ ከፈትኩለት። ጣቱ የወንበሩን ክንድ መምታት ጀመረ፤ ከዚያ ቆመ።

"ይሄ የአባቴ ምት ነው። ማን ሰጣቸው?"

"እኔ።"

"የት ነው የሚመታው?"

"ያኔ ቢራ ቤት ነበር፣ አባዬ። አሁን በየስታዲየሙ ነው።"

ተነስቶ ከክፍሉ አስወጣኝና በሩን ዘጋብኝ። ሦስት ቀን አላናገረኝም፤ ውሃ ሲፈልግ እንኳን በሰልሳቢል ነበር የሚያስጠይቀኝ። እውነቱን ንገሪኝ ካልከኝ አልቅሻለሁ። ግን ሃያ አምስት ዓመት የፈራሁት ቁጣ መጣ፣ ቤቱም አልፈረሰም። ደግሞ የተቆጣው እኔን ነው፣ ሚክን አይደለም። ያ በራሱ ደስ እንዳለኝ ብነግርህ ትስቅብኝ ይሆናል።

ሰልሳቢል ስለ ወረቀቱ ነግራው ኖሮ፣ ዛሬ ጠዋት አባቴ ወረቀቱን አምጡ አለ። ሰልሳቢል በተሰባበረ አማርኛዋ ተረጎመችለት። ሁለቴ አስነበባት፤ ከዚያ ወደኔ ዞረ።

"ይቅር አላልኩሽም" አለኝ። "ያን ምት የት ቦታ እንደወሰድሽው አላህ ይጠይቅሻል፣ እኔም ገና እጠይቅሻለሁ። ግን የአባቴን ምት ለሌለ ሰው አልሰጥም። ስምሽን ጻፊ። የኔንም ጻፊ፣ የሱንም ጻፊ።"

"ሰው ያይሃል እኮ፣ አባዬ።"

"ይየኝ" አለ፤ ሻዩን አንስቶ ወደ ክፍሉ ገባ። እስካሁንም እንደተኳረፍን ነን።

እንግዲህ ዳዊ፣ "አድናቂዎቻችን ያዝናሉ፣ ሚክን እኮ ይወዱታል" ያልከኝን ሰምቻለሁ። ይዘኑ። እኔም አዝኜ አይቻለሁ፣ ሰው አይሞትበትም። አንተ ክፉ ሰው አይደለህም፤ ውሸቱ ሲጣፍጥ አብረኸው ኖርክ፣ እኔም ዝም ብዬ አኖርኩህ። የኔ ድርሻ ዛሬ አበቃ። ወረቀቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼልሃለሁ። ሚክ ሂል የሚለውን በየገጹ ሰርዤ ትክክለኛውን ጽፌበታለሁ፤ መጽሐፉ እንደዚያ ካልታተመ፣ ሊድስ የተነሳናቸውን ፎቶዎች የምትለጥፍ ልጅ አለችኝ፤ ጣቷ ደግሞ ፈጣን ነው።

በመጪው ዓርብ ለኮንሰርት ኮሎምበስ ትገባላችሁ። ከወረቀቱ ጋር የላክኸውን ቲኬት ይዤ እመጣለሁ፣ ፊት ለፊትህ እቆማለሁ። ሦስተኛውን ዘፈን ከመጀመራችሁ በፊት ምቱ የማን እንደሆነ ትናገራለህ፤ ከነአባቴ፣ ከነአያቴ። አንተ ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ፣ ያለ ማይክም ይሰማል።

ሙኒራ ሰልማን የሱፍ
የዘ ዳምፕ ኮትስ የመጀመሪያ ከበሮ መቺ